ደማቅ ፊደልና የድርጅት ስም

በሬዲዮ የተደረገ ንግግር



«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ሲባል ከአባቶቻችን ሰምተናል። ስሙን መልአክ ቢያወጣውም ስሙ የሚጻፍበትን ፊደል የሚመርጠው ግን ሰው ነው፤ ሰውም በምርጫው ሊሳሳት ይችላል። ዛሬ ማታ ልነግራችሁ ያሰብሁት ስለዚሁ ምርጫ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት፥ አንድ ባንክ ወይም አንድ የንግድ ማኅበር ስሙን በበሩ፥ በደብዳቤው ራስና በማኅተሙ ላይ ሲያኖር ብዙ ጊዜ ደማቅና ወፍራም የሆነውን የርእስ ፊደል ይመርጣል። ይህ ፊደል ከወዴት እንደ መጣ፥ ጥቅሙ ምን እንደ ሆነ፥ ጉዳቱስ ከየት ላይ እንደሚጀምር በአጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ነገሩ የሠዓሊዎችና የአታሚዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታያችሁ ብትኖሩ አልፈርድባችሁም፤ ለእኔም እንደዚሁ ይመስለኝ ነበርና። አሳቤን የለወጡልኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እሠራበት የነበረ አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ የስም ሰሌዳ ለማሠራት ፈልጎ አምስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ አቋቋመ፤ ከአምስቱ አንዱ እኔ ነበርሁ። ሰሌዳ ሠሪው ልዩ ልዩ ፊደሎችን በኮምፒዩተር እያወጣ አሳየን። እኛም የፊደሉን መልክ ሳንመረምር «ይወፍር፤ ከሩቅ ይታይ» አልነው። አወፈረው። «ጥቂት ይጨመርበት» አልነው፤ ጨመረበት። ሰሌዳው ተሰቀለ፤ እኛም ከበሩ ፊት ቆመን ተመልክተን ተደሰትን። ምን እንደሚል አስቀድመን እናውቀው ስለ ነበር ለማንበብ አልተቸገርንም።

በሳምንቱ፥ ዓርብ ቀን፥ የመውጫው ሰዓት ተቃርቦ ሳለ አንድ ሽማግሌ የመሥሪያ ቤቱ ስም የተጻፈበትን ወረቀት በእጃቸው ይዘው፥ ላባቸውን እየጠረጉ ገቡ። ጉዳያቸውን የሚፈጽምላቸው ሹም ወጥቶ ነበር። ሰኞ እንዲመለሱ ብንነግራቸው «ከቀትር ጀምሬ በዚህ መንገድ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ» አሉ። እኔም ገርሞኝ «አባቴ፥ ሰሌዳውን አላዩትምን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፥ ዳዊት ደግሜ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ሰሌዳውንም አይቼዋለሁ። ነገር ግን ፊደሉ ዓይኑ ስለ ጠፋ ጌጥ እንጂ ጽሕፈት አልመሰለኝም» ሲሉ መለሱልኝ። ከሩቅ አገር የመጡት ሰው በዚህ ምክንያት ሦስት ሌሊት በሰው ቤት አደሩ። እኛ አምስታችን ስሙ እንዲጎላ ፈልገን ስሙን ሰወርነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የደማቅ ፊደልን ነገር ስከታተል ኖሬአለሁ። ያገኘሁትንም እነሆ ላካፍላችሁ። በውጭ አገር የተደረገውን ስናገር ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጠራ አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ደማቁ የርእስ ፊደል የተወለደው በመጽሐፍ ውስጥ ሳይሆን በግድግዳ ላይ ነው። የአውሮፓ አታሚዎች ከጉተንበርግ ዘመን ጀምረው ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ፊደላቸውን ይቀርጹ የነበረው ከሁሉ በፊት ለመጽሐፍ ነበር። መጽሐፍ በእጅ ተይዞ በእርጋታ የሚነበብ ስለ ሆነ ፊደሉ ልከኛና ዝምተኛ ነበር። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ግን በእንግሊዝ አገር የፋብሪካ ሥራ በዛ፤ ሻጩም በረከተ፤ ቲያትሩም ሎተሪውም ደንበኛ ይፈልግ ጀመር። ማስታወቂያውም በመንገድ ዳር ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። በችኰላ የሚያልፈውን ሰው የመጽሐፍ ፊደል ሊያስቆመው አልቻለም፤ ስለዚህ ፊደል ቀራጮች ፊደሉን ማወፈር ያዙ። የሎንዶኑ ቪንሰንት ፊጊንስ እግሩ እንደ ጡብ የከበደ ፊደል አወጣ። ዊልያም ካዝሎን አራተኛውም በ1816 ገደማ በጫፉ ያለውን ትንሽ እግር ጨርሶ ቈርጦ የጣለ የማተሚያ ፊደል አሳየ። ትልልቁን ፊደል ከእርሳስ ማቅለጥ ከባድና ውድ ስለ ነበር በ1827 ዳርየስ ዌልስ የተባለ የኒው ዮርክ ሰው ፊደልን ከእንጨት በመሣሪያ መቅረጽ ጀመረ። ከዚህ በኋላ አንድ ክንድ የሚያህል ፊደል በርካሽ ዋጋ ይገኝ ጀመር።

ይሁን እንጂ ብዙ ሳይቆይ ችግር መጣ። አንዱ ነጋዴ ስሙን በወፍራም ፊደል ሲያትም ጎረቤቱ ከዚያ የወፈረ ፈለገ፤ ሦስተኛውም ሁለቱን ለመብለጥ ይበልጥ አወፈረው። ግድግዳው በሙሉ ጥቁር ሆነ፤ ከጥቁሩም መካከል ለይቶ የሚታይ ጠፋ። በአገራችን ነጋሪት ይጎሰም የነበረው ለአዋጅ ነው። ነጋሪቱ በተመታ ጊዜ ሕዝቡ ሥራውን ትቶ ይሰበሰብ የነበረው በየቀኑና በየደጁ ስለማይመታ ነው። ነጋሪት ለገበያ ወሬ ሁሉ ቢመታ ኖሮ ማን ዘወር ብሎ ያዳምጠው ነበር? የደማቅ ፊደልም ሕግ ይኸው ነው፤ ኃይሉ ከውፍረቱ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ካለው ጸጥታ ይመጣል።

ይህን ነገር አስተውለው ወደ ሥርዓት ካመጡት ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው ፔተር ቤረንስ ነው። በ1907 አ.ኤ.ጌ. የተባለው የበርሊን የኤሌክትሪክ ኩባንያ የሥነ ጥበብ አማካሪ አድርጎ ሾመው። ቤረንስም የኩባንያውን ምልክት፥ የማስታወቂያውን ወረቀት፥ የሚሸጠውን ዕቃና የፋብሪካውን ሕንፃ ሳይቀር በአንድ መንፈስ ነደፈ፤ ለኩባንያው የራሱ የሆነ ፊደልም አወጣለት። አንድ ድርጅት በሁሉም ቦታ አንድ መልክና አንድ ድምፅ ሊኖረው እንደሚገባ ከዚያ ሥራ ብዙዎች ተማሩ።

ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠን ግን የሎንዶን ከተማ ከመሬት በታች የሚሄደው ባቡር ታሪክ ነው፤ በእኛ ሰሌዳ ላይ የደረሰውን ዓይነት ችግር በዚያ ቀደም ብሎ ታይቶ ነበርና። ተሳፋሪው በዋሻ ውስጥ የሚጓዝ ስለ ሆነ ተራራ ወይም ቤተ ክርስቲያን አይቶ «እዚህ ደርሻለሁ» ሊል አይችልም። ያን ጊዜ የሚያውቀው በተለይ የጣቢያውን ስም በማንበብ ነበር። ባቡሩ የሚቆመው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ግድግዳው ደግሞ በማስታወቂያ ተሸፍኖ ነበር። ስሙን ፈልጎ ሳያገኝ በሩ ቢዘጋበት ሌላ ጣቢያ ይወርዳል።

ይህን ችግር ለማስወገድ የተነሣው ፍራንክ ፒክ የተባለ የኩባንያው ሠራተኛ ነበር። ፒክ ሠዓሊ አልነበረም፤ ሕግ የተማረ፥ እንደ ብዙዎቻችሁ በጽሕፈት ጠረጴዛ ፊት የሚውል የቢሮ ሰው ነበር። በ1908 የጣቢያው ስም በሰማያዊ መደብ ላይ በነጭ ፊደል እየተጻፈ ከኋላው ድፍን ቀይ ክብ ይደረግበት ጀመር፤ ይህም ስሙን ከማስታወቂያው ጫጫታ ለየው። ነገር ግን ፊደሉ ራሱ ገና ከየአታሚው የተሰበሰበ ነበር። ስለዚህ ፒክ የነጋዴዎቹን ፊደል የማይመስል፥ ደፋርና ግልጽ፥ የዘመኑም ልጅ የሆነ ፊደል እንዲያወጣለት ኤድዋርድ ጆንስተንን ጠየቀው።

ምርጫው ሊያስደንቃችሁ ይችላል፤ ጆንስተን የማስታወቂያ ሰው ሳይሆን ቁም ጸሐፊ ነበርና። የጥንት የብራና መጻሕፍትን እየመረመረ፥ ጫፉ ጠፍጣፋ በሆነ ብዕር መጻፍን ለተማሪዎቹ የሚያስተምር ሰው ነበር። እርሱም ሥራውን የጀመረው ከማወፈር ሳይሆን ከመለካት ነው። የመስመሩ ውፍረት የፊደሉ ቁመት አንድ ሰባተኛ እንዲሆን ወሰነ፤ «ኦ» የተባለችውን የላቲን ፊደል ክብ አደረጋት፤ በትንሿ «አይ» ላይ የምትቀመጠውንም ነጥብ በማዕዘኗ ላይ የቆመች አራት ማዕዘን አደረጋት። ያች ነጥብ የብዕር ጫፍ ምልክት ናት፤ በብረትና በጢስ መካከል የቁም ጸሐፊው እጅ አሻራ ሆና ቀርታለች። ድፍኑንም ቀይ ክብ ወደ ቀለበት ለወጠው፤ ከመካከሉ ቀለሙን አንሥቶ ለስሙ መተንፈሻ ሰጠው።

ፊደሉ በ1916 በሥራ ላይ ዋለ። በ1979 ኤይቺ ኮኖ የተባለ ጃፓናዊ ለአዲሱ የማተሚያ ዘዴ አስተካከለው። በ2016፥ መቶኛ ዓመቱ ሲከበር፥ ለስልክና ለኮምፒዩተር የሚያስፈልጉ ምልክቶችና ቀጫጭን መልኮች ተጨመሩለት። እነሆ ማስታወቂያዎቹ ሺህ ጊዜ ሲለወጡ የጣቢያው ስም ፊደል ከመቶ ዓመት በላይ ጸና። የጸናውም ከሌሎቹ ፊደሎች ሁሉ ወፍራም ስለ ነበር አይደለም፤ ከእርሱ የወፈረ በየግድግዳው ሞልቶ ነበር። ልኩን ስለ ያዘና አንድ ሥራ ብቻ ስለ ተሰጠው ነው፤ ይኸውም መንገደኛው የት እንዳለ መንገር ነው።

ይህን ስል እጅግ የወፈረ ፊደል ሁሉ ይጣል ማለቴ አይደለም። የቺካጎው ኦስዋልድ ኩፐር በ1922 ያወጣው ኩፐር ብላክ የሚባለው ፊደል በጣም ወፍራም ነው፤ ማዕዘኑ ሁሉ ግን እንደ ተቦካ ሊጥ የለሰለሰ ስለ ሆነ አንባቢውን አያስደነግጠውም። በ1995 የተቋቋመው ኢዚጄት የተባለው የአየር መንገድ በርካሽ ዋጋ ብዙ ሰው ለማጓጓዝ ሲነሣ ስሙን በዚሁ ፊደል ጻፈ፤ ብርቱካናማ ቀለምም ጨመረበት። ፊደሉ «ግባ፥ አትፍራ» የሚል ይመስላል። ይኸው ፊደል ግን በፍርድ ቤት በር ላይ ቢጻፍ ቀልድ ይሆናል። ሰው በድምፁ እንደሚታወቅ ድርጅትም በፊደሉ ይታወቃልና አስቀድሞ «እኛ ምን ዓይነት ድምፅ አለን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

አድማጮች ሆይ፤ አሁን ወደ ራሳችን ፊደል እንመለስ፤ ከዚህ ላይ ነገሩ ይጠልቃል።

የላቲን ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ሁለት መልክ አለው። ፈረንጅ ርእሱን ለማጉላት ቢፈልግ መጀመሪያ በትልቁ ፊደል ይጽፈዋል፤ ማወፈር ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። የእኛ ፊደል እንዲህ ያለ ልዩነት የለውም። ስለዚህ አንድን ስም ለማጉላት የምንችለው በመጠን፥ በውፍረት፥ በቀለምና በዙሪያው በምንተወው ባዶ ቦታ ነው። አባቶቻችን ከእነዚህ መካከል በተለይ ቀለምን መርጠው ነበር። የብራና መጽሐፍ ብትገልጡ ርእሱንና የቅዱሳኑን ስም በቀይ ቀለም ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ በራስጌውም ሐረግ ይሣልበታል። ጸሐፊው ቀለሙን ለወጠ እንጂ ፊደሉን አላወፈረም፤ ስለዚህ ክቡሩ ስም ጎልቶ ይታያል፥ ይነበባልም። በግዕዝ ፊደል የመጀመሪያው መጽሐፍ፥ መዝሙረ ዳዊት፥ በ1513 በሮም ከታተመ ጀምሮ፥ በአገራችንም በእኛ አቆጣጠር በ1914 ዓመተ ምሕረት ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ከተቋቋመ ወዲህ ፊደላችን ከብራና ወደ ወረቀት፥ ከወረቀትም ወደ ኮምፒዩተር ተሸጋግሯል። ደማቁ የርእስ ፊደልም ከዚሁ ጋር መጣ።

ፊደላችንን ለማወፈር የሚነሣ ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በእኛ ፊደል ድምፁን የምትለውጠው ምልክት ትንሽ ናት። «ቢ» እና «ቤ» የሚለያዩት በእግራቸው ሥር ባለችው ቅጥል ነው፤ በ«ቢ» ሥር ያለችው አጭር ጭረት ናት፥ በ«ቤ» ሥር ያለችው ግን ቀለበት ናት። ፊደሉ ከልክ በላይ ሲወፍር የቀለበቷ ዓይን ይደፈንና «ቤት» የተባለው «ቢት» ይሆናል፤ «ጤና» የሚለውም «ጢና» ይሆናል። «ሸ» ከ«ሰ»፥ «ቸ» ከ«ተ»፥ «ኘ» ከ«ነ» የሚለዩት በራሳቸው ላይ ባለው ጭረት ነው፤ ውፍረቱ ጭረቱን ከራሱ ጋር ቢያጣብቀው አንዱ ሌላውን ይሆናል። «ፀ» ከ«ዐ» የሚለየው በሆዱ ውስጥ በሚያልፈው መስመር ነው፤ ሆዱ ከጠቈረ ልዩነቱ አለቀ። ሽማግሌው «ዓይኑ ጠፋ» ያሉት ይህንኑ ነበር። ከእኛ ከአምስታችን ይልቅ የፊደልን ነገር እርሳቸው ያውቁ ነበር።

በኮምፒዩተር ደግሞ ሌላ ስውር ጉዳት አለ። አንድ ፊደል በእውነት ደማቅ የሚሆነው ነዳፊው እንደ ገና ተቀምጦ እያንዳንዱን ሲሥለው ነው፤ ቀለበቷን ያሰፋታል፥ በእግሮቹ መካከል ያለውን ቦታ ይጠብቃል፥ የሚወፍረውንና የማይወፍረውን ይለያል። ከአማርኛ ፊደሎች ብዙዎቹ ግን የተሠሩት በአንድ ውፍረት ብቻ ነው። እንዲህ ባለው ፊደል ላይ የማድመቂያውን ቁልፍ ስንጫን ኮምፒዩተሩ አዲስ ፊደል አያመጣም፤ ያንኑ መስመር በያለበት ያወፍረዋል፤ ቀለበቱንም ቀዳዳውንም ይሞላዋል። እኛ ያን ጊዜ ያደረግነው ይህንን ነበር። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ወደ ተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ከገባ ወዲህ ግን ሥራው እየተሻሻለ መጥቷል፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰሉ ከቀጭኑ እስከ ጥቁሩ ድረስ በየደረጃው የተነደፉ ፊደሎች ይገኛሉ። እንግዲህ ሰሌዳ ሠሪውን «አወፍረው» ከማለት ይልቅ «ደማቅ ሆኖ የተነደፈ ፊደል አምጣልን» ማለት ይበጃል።

በየመሥሪያ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ምርጫ ቢያጋጥማችሁ የሚረዱ ጥቂት ነገሮችን ልጥቀስ።

አንደኛ፥ ደማቁ የርእስ ፊደል ለስሙና ለአንድ ሁለት ርእስ ብቻ ይሁን። ደብዳቤው፥ ቅጹና መመሪያው በልከኛው ፊደል ይጻፉ። በአንድ ገጽ ላይ አሥር ቦታ የደመቀ ጽሕፈት ካለ አንባቢው ዋናውን ከተራው አይለይም፤ «በጥብቅ የተከለከለ» የሚለውም ቃል እንደ ሌላው ይታለፋል።

ሁለተኛ፥ ፊደሉ በሰሌዳ ላይ ስላማረ ብቻ አይመረጥ። በማኅተም ልክ አሳንሱት፤ በስልክ መስተዋት ላይ እዩት፤ በወረቀት አትማችሁ የፎቶ ኮፒውን ፎቶ ኮፒ አንሡለት። የመንግሥት ወረቀት ስንት እጅ እንደሚያልፍ እናንተ ታውቃላችሁ። በሦስተኛው ቅጂ ላይ የሚደፈን ፊደል ለመሥሪያ ቤት አይሆንም።

ሦስተኛ፥ አማርኛውና የላቲኑ ጽሕፈት ጎን ለጎን ሲቆሙ ሚዛናቸው ይጠበቅ። በብዙ ሰሌዳ ላይ የላቲኑ ፊደል በጥንቃቄ ተመርጦ ደምቆ ይታያል፤ አማርኛው ግን ኮምፒዩተሩ ባጋጣሚ በሰጠው ቀጭን ፊደል ከሥሩ ተጨምሯል። ይህ እንግዳውን ምንጣፍ ላይ አስቀምጦ ባለቤቱን በደጃፍ እንደ ማቆም ነው። ለሁለቱም አስቀድሞ ይታሰብላቸው፤ አንዱ ለሌላው ቦታ ይልቀቅ።

አራተኛ፥ ለስሙ ባዶ ቦታ ተዉለት። የሰሌዳ ዋጋ በካሬ ሜትር ስለሚቈጠር ቦታውን ሁሉ በጽሕፈት ካልሞላነው ገንዘቡ የባከነ ይመስለናል። ነገር ግን ደማቅ ፊደል ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሲሞላ ከሩቅ የሚታየው ጥቁር ቁራጭ ብቻ ነው።

አምስተኛና ዋነኛው፥ ሰሌዳው ከመሰቀሉ በፊት ስሙን ለማያውቅ ሰው አስነብቡት። የኮሚቴው አባል አይሁን፤ እርሱ በቃሉ ያውቀዋል። በመንገድ የሚያልፈውን ጠርታችሁ፥ መንገዱን ተሻግሮ እንዲያነበው ለምኑት። ዓይናቸው የደከመ አንድ አዛውንት ካነበቡት ከተማው ሁሉ ያነበዋል።

ምናልባት «ይህ ሁሉ ለአንድ ፊደል ነውን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ስለ ውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም ጊዜያችሁን ባልወሰድሁ። ነገር ግን የመሥሪያ ቤት ስም ለሠራተኛው አልተሰቀለም፤ ሠራተኛው ቤቱን ያውቀዋል። የተሰቀለው ለማያውቀው፥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣው፥ ጠይቆ መሄድ ለሚያፍረው ሰው ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት የሚቀበለው የመጀመሪያው ቃል ያ ሰሌዳ ነው። ያ ቃል ካልገባው ከውስጥ ያለው አገልግሎት ምንም ያህል ቢያምር ለእርሱ አልተሠራለትም።

የእኛ ሰሌዳ በኋላ ወረደ። ፊደሉ በሌላ፥ በአግባቡ በተነደፈ ደማቅ ፊደል ተለወጠ፤ መጠኑ ጥቂት አነሰ፥ በዙሪያውም ነጭ ቦታ ተተወለት። ወጪውም ሁለት ጊዜ ሆነብን፤ ስለዚህም ኮሚቴው ተወቅሷል፥ ወቀሳውም ይገባን ነበር። ሽማግሌው ግን በቀጠሮአቸው ሰኞ ጠዋት ተመልሰው በመጡ ጊዜ አሮጌው ሰሌዳ ገና እንደ ተሰቀለ ነበር። ጉዳያቸው በሩብ ሰዓት አለቀ። ሲወጡም ወደ ሰሌዳው ቀና ብለው ጥቂት ተመለከቱና «አሁንስ ስለማውቀው አነበብሁት» ብለውኝ ሄዱ።